አክሰን ጫፍ ላይ ኤምአርኤንኤው ለምን አልታየም?

ሰላም ወንድሜ። ከሐዋሳ የላክኸው ጥያቄ፣ ላብራቶሪ ውስጥ ባደጉ የአይጥ ሂፖካምፐስ (የአንጎል ክፍል) የነርቭ ሴሎች የቤታ-አክቲን ኤምአርኤንኤ (ይህን የሴል አጽም ፕሮቲን ለመሥራት መልእክቱን የሚይዝ ሞለኪውል) በፊሽ (ኤምአርኤንኤን በሚያበራ ፕሮብ የመፈለጊያ ዘዴ) ሲፈለግ የሴሉ አካል ብቻ ይበራል፤ ታዲያ ወደ አክሰን (ወደ ነርቭ ሴሉ ረጅም ክር) ይጓዛል የሚባለው እውነት ነው ወይ የሚል ነው። እውነት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ምልክቱን የሚያጠፋው የስላይዱ ዝግጅት ወይም የምስሉ አነሳስ ነው።

ኤምአርኤንኤው ብቻውን አይጓዝም። ወደ ፕሮቲን በማይተረጎመው ጅራቱ ላይ 54 ኑክሊዮታይድ (የአርኤንኤ ፊደል) ርዝመት ያለው አድራሻ አለው። ዜድቢፒ1 የተባለ ፕሮቲን ይህን አድራሻ ይይዝና ከሌሎች ፕሮቲኖች ጋር ቅንጣት ይሠራል፤ ቅንጣቱንም ሞተር ፕሮቲኖች በማይክሮቱቡል (በሴሉ ውስጥ እንደ ሐዲድ በሚያገለግል ቱቦ) ላይ ይጎትቱታል። አክሰን ውስጥ የማይክሮቱቡሎቹ ፕላስ ጫፍ ወደ ውጭ ስለሚያይ ኪኔሲን የተባለው ሞተር ወደ ጫፍ፣ ዳይኒን የተባለው ወደ ሴሉ አካል ይወስዳል። ዴንድራይት (መልእክት ተቀባዩ የነርቭ ሴል ቅርንጫፍ) ውስጥ ግን አቅጣጫቸው ድብልቅ ነው፤ የሞተሩን ስም ብቻ አይተህ መንገዱን አትገምት።

ከሁሉ የሚገርመው ዜድቢፒ1 መልእክቱን በመንገድ ላይ እንዳይተረጎም አፍኖ መያዙ ነው። ጫፉ ሲደርስ ሳርክ የተባለው ኪናዝ (ኢንዛይም ነው) ፎስፌት ይጨምርበታል፤ ያኔ ይለቀዋል፣ ትርጉሙም እዚያው ይጀምራል። በእንቁራሪት የነርቭ ሴሎች ላይ እንደታየው፣ ኔትሪን-1 የተባለው አክሰን መሪ ፕሮቲን ከአንድ ወገን ሲስብ አዲሱ ቤታ-አክቲን በዚያው ወገን ይበዛል፤ ጫፉም ወደዚያ ይታጠፋል።

አሁን ወደ ስላይድህ። መጀመሪያ የካሜራውን ኤክስፖዠር ተመልከት። የሴሉ አካል እጅግ ብሩህ ስለሆነ በእሱ ከለካህ የአክሰኑ ነጠብጣቦች ይሰወራሉ። ለአክሰኑ ለይተህ አንሳ፤ የሴሉ አካል ቢነጣም ግድ የለም፣ እሱን ከዚያ ምስል አትለካም። ቀጥሎ ፊክሳቲቩ፣ ማለትም ሴሉን ባለበት አጽንቶ የሚያቆየው ፈሳሽ። 4 በመቶ ፓራፎርማልዲሃይድ ከ4 በመቶ ሱክሮስ ጋር፣ 37 ዲግሪ ሞቆ፣ ለ15 ደቂቃ። ከፍሪጅ የወጣ ከሆነ ማይክሮቱቡሉ ይፈርሳል፣ የእድገት ጫፉም ይሰበሰባል። የሐዋሳ ክፍል ሞቃት ነው ብለህ አትተወው፤ ከ37 ዲግሪ ብዙ ይርቃል። ከዚያ ትራይተን (የሴሉን ሽፋን የሚበሳ ሳሙና)፦ 0.1 በመቶ ለ5 ደቂቃ ይበቃል፣ ሲበዛ ስሱ ጫፍ ይታጠባል። ጓንትና ከአርኤንኤዝ (አርኤንኤን ከሚቆራርጥ ኢንዛይም) የጸዳ ውኃ ያለ ድርድር ነው።

ነጠብጣብ ካየህ በኋላ ደግሞ አትቸኩል። በሴንስ ፕሮብም (ኤምአርኤንኤውን በማይዝ ማነጻጸሪያ ፕሮብ) ሆነ በአርኤንኤዝ ከታከመ ስላይድ ላይ ያው ከታየ ቆሻሻ ነው። ጉዞውን ለማረጋገጥ ኖኮዳዞል (ማይክሮቱቡልን የሚያፈርስ መድኃኒት) ስጥና ከጫፉ ምልክቱ መቀነሱን እይ፤ ግን አጭር ጊዜ ብቻ። ከረዘመ አክሰኑ ራሱ ይሸሻል፣ የቀነሰው ኤምአርኤንኤው ይሁን ጫፉ መለየት አትችልም።