ከወጥ ቤቱ በፊት ዋርዱን እዪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። በኒውትሪሽን ተመርቀሽ አሁን የሪፈራል ሆስፒታል ምግብ ክፍል ኃላፊ ሆነሻል። ታካሚ ምግቡን ይመልሳል፣ አስታማሚ ከቤት ያመጣል፣ ማኔጅመንቱ በጀት የለም ይላል፣ ከየት ልጀምር ነው ያልሽው። እኔ በመንግሥት ሆስፒታል ይህንኑ ሥራ ለዓመታት መርቻለሁና የማውቀውን ልንገርሽ።

ሜኑ ለመቀየር አትቸኩዪ። መጀመሪያ ሳህን ሲሰበሰብ ዋርድ ውስጥ ቁሚ። ማን ምን ተወ? እንጀራው ደርቆ ነው? ወጡ በርዶ ነው? ታካሚው ጥርስ የለውም? ያቅለሸልሸዋል? "ምግቡ አይጣፍጥም" የሚባለው ብዙ ጊዜ ከጣዕም ጋር አይገናኝም። ቀኝ እጁ ላይ ግሉኮስ የተሰካለት፣ አስታማሚው መድኃኒት ፍለጋ ወጥቶበት፣ ሳህኑ እግርጌው የተቀመጠለት ሰው እንዴት ብሎ ይብላ? ሳህኑ እንደሞላ ይመለስና "አልበላም" ይባላል። ይሄ በሜኑ አይፈታም። ከሜትሮኗ፣ ከነርሶቹ ኃላፊ፣ ጋር ቁጭ ብላችሁ አስታማሚ የሌለውን ማን እንደሚያበላ ወስኑ።

ቀጥሎ ሰዓቱን እዪ፤ እኔን ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ብዙ ቦታ ሠራተኛው ሰርቪስ እንዳያመልጠው ተብሎ እራት 11 ሰዓት ላይ ይታደላል። ቁርስ ጠዋት 1 ሰዓት ቢደርስ እንኳ መሃሉ 14 ሰዓት ነው። ጤነኛ ሰው ይችለው ይሆናል፣ የተቃጠለ ወይም ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ግን ቁስሉ የሚጠግነው በሚበላው ነው። የስኳር ታካሚው ደግሞ የባሰ ነው፤ ሬጉላር የሚባለው ኢንሱሊን ከምግብ ግማሽ ሰዓት ገደማ ቀድሞ ነው የሚወጋው፣ ነርሷ በሰዓቷ ወግታ ያንቺ ጋሪ ከዘገየ ስኳሩ ወርዶ በላብ ተጠምቆ ታገኚዋለሽ። ስለዚህ የማደያ ሰዓት ብቻሽን አታውጪ፣ ከነርሶቹ ጋር አውጪው። ለስኳር ታካሚ፣ ለሕፃናትና ለወላዶች የማታ መክሰስ አስጀምሪ። ዳቦና ወተት ቢሆን፣ አጥሚት ቢሆን፣ ለስኳር ታካሚው ስኳር ያልገባበት ሆኖ፣ ብዙ ወጪ የለውም። የሚያስፈልግሽ ማታ የሚቆይ ተረኛ ነው፤ ማኔጅመንቱን መጀመሪያ እሱን ጠይቂ።

የዳይት ትእዛዝ በቃል አትቀበዪ። ከየዋርዱ በየቀኑ በጽሑፍ ይምጣ፦ የአልጋ ቁጥር፣ ኖርማል፣ ለስላሳ፣ የስኳር፣ የኩላሊት፣ ጨው የቀነሰ፣ ለኦፕሬሽን የሚጾም። ሌሊት የገባ ታካሚ ዝርዝሩ ውስጥ ስለማይኖር ጠዋት አንድ ሰው ዞሮ ያጣራ። ሁልጊዜ የሚረሳው እሱ ነው።

የጾሙን ነገር ጠይቀሽ ነበር። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው፣ ረቡዕና ዓርብም አለ። "ታመዋል እኮ፣ ጾሙ አይመለከትዎትም" ብለሽ አዛውንት አትከራከሪ። እንቁላሉን አመስግነው ይቀበሉሽና ዞር ስትዪ ለአስታማሚው ይሰጡታል። የሚሠራው የንስሐ አባታቸውን በስልክ ማገናኘት ነው፤ አባ ከፈቀዱላቸው ብዙዎቹ ያለ ጭንቀት ይበላሉ። አልበላም ላለ ደግሞ የጾም ሳህኑ ውኃ የበዛበት ሽሮ ብቻ አይሁን፤ ምስር፣ ክክ፣ ባቄላ፣ ኦቾሎኒ፣ ሱፍ እያፈራረቅሽ አቅርቢ። ለሙስሊም ታካሚ ሥጋው ብቻ ሳይሆን ድስቱም ጭልፋውም ለብቻው መሆን አለበት። ይህን ማድረግ ካልቻላችሁ በግልጽ ተናግረሽ በእንቁላልና በጥራጥሬ ተኪለት። በሃይማኖቱ የተታለለ ሰው ሁለተኛ አያምንሽም።

ከቤት የሚመጣውን ምግብ ለመከልከል አትሞክሪ። አይሆንም፣ ተገቢም አይመስለኝም። እናት ለልጇ ያመጣችው ወጥ ከምግብ በላይ ነው። ይልቅ በጉብኝት ሰዓት በር ላይ ቆመሽ አነጋግሪያቸው። የኩላሊት ታካሚው ፖታሲየም ከፍ ካለበት ሙዝ፣ ድንችና ቲማቲም እንዳያበዙ ንገሪያቸው። ለግፊት ታካሚ ድስቱ ጨው ሳይገባበት የእሱ ድርሻ ተቀንሶ ይውጣ፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ኮረሪማ ካለበት ይበላዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው ጨው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ። ማንኪያውን ስታሳዪያቸው ይደነግጣሉ፣ ግን አይረሱትም።

በከባድ የምግብ እጥረት የተኙ ሕፃናትን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ፦ ኤፍ-75 የሚባለው ለሕክምናቸው የሚሰጥ ልዩ ወተት በወጥ ቤቱ ወተት አይተካም። መጀመሪያ ላይ በ100 ሚሊ ሊትር 75 ኪሎ ካሎሪ ብቻ የሚሰጠው ታስቦበት ነው፤ የተጎዳ ሰውነት ድንገት ብዙ ከተጫነበት ልብ እስከመድከም ይደርሳል። ኤፍ-100 የሚባለው ኃይል የበዛበት ወተት ሕፃኑ ሲረጋጋ ነው የሚመጣው። ስላሳዘነሽ ብለሽ ገንፎ አትላኪ።

ንጽሕና ላይ መጀመሪያ የምትገዢው የምግብ ቴርሞሜትር ይሁን። ትኩስ ምግብ ከ60 ዲግሪ በላይ፣ ቀዝቃዛው ከ5 በታች፣ የበሰለ ምግብ ሳይሞቅ ወይም ፍሪጅ ሳይገባ ከ2 ሰዓት በላይ አይቀመጥ። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁ ውስጥ ያለው ሥጋ ምን እንደሚሆን አስቀድመሽ ወስኚ፣ ያን ሰዓት ከሠራተኛ ጋር መነታረክ አያዋጣም። ሠራተኞቹንም እንግዳ ሲመጣ ብቻ ሳይሆን ሁልጊዜ በስማቸው ጥሪያቸው፣ ከንጋቱ በፊት ተነስተው እሳት የሚያነዱት እነሱ ናቸው።

በጀት የለም ለሚሉሽ ወረቀት ይዘሽ ግቢ። ከስቶር በሞዴል 22፣ በንብረት ወጪ ማድረጊያው ቅጽ፣ የወጣው ስንት ነው? ወጥ ቤት ስትመዝኚው ስንት ሆነ? ስንት ታካሚ በላ? ስንት ተጣለ? ሚዛን በሩ ላይ አስቀምጪና እያንዳንዱ ነገር ሲገባ ይመዘን። ኩርፊያ ይኖራል፣ አትመለሺ። ለወር ያህል በትዕግሥት ከመዘገብሽ ለማታው መክሰስ የሚሆን ገንዘብ እዚያው ከብክነቱ ውስጥ ልታገኚ ትችያለሽ። ስብሰባውም ላይ አንድ የውስጥ ደዌ ሐኪም ይዘሽ ግቢ፤ እሱ "ታካሚዬ ስላልበላ አልዳነም" ሲል ፋይናንሱ ይሰማል።

የአልጋችሁን ብዛትና እንጀራው እዚያው ይጋገር ወይም በጨረታ ይገባ እንደሆነ ጻፊልኝ፣ ለጾም ሳምንት የሚሆን ሜኑ እዚሁ አስቀምጥልሻለሁ።