ኤጀንቱ ባዶ መልስ ሲያገኝ ምን ያደርጋል?

ጥያቄ፦ «ለኤአይ ኤጀንታችን (በራሱ ሥራ ለሚያከናውነው ፕሮግራም) የፓይተን ፓኬጅ (የተዘጋጀ የኮድ ጥቅል) የሚፈልግ ቱል፣ ማለትም ኤጀንቱ የሚጠራው መሣሪያ፣ ሠርተናል። የቱሉን ማብራሪያ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሁለት ገጽ ይሆናል፤ ባልደረቦቼም አንብበው ግልጽ ነው አሉኝ። ኤጀንቱ ግን አንዳንዴ ቱሉን ሳይጠራ ከራሱ የፓኬጅ ስም ያመጣል። አንዳንዴ ደግሞ ጠርቶ ባዶ መልስ ሲያገኝ የሚመሳሰል ስም ገምቶ ሊጭን ይነሣል። ማብራሪያው ጥሩ መሆን አለመሆኑን በምን ልለካው?»

መልስ፦ ባልደረቦችዎ ግልጽ ነው ማለታቸው አይገርምም። ኮዱን ያውቁታል፤ ማብራሪያው የዘለለውን ሳይታወቃቸው ከራሳቸው እየሞሉ ነው ያነበቡት። ሞዴሉ፣ ማለትም ኤጀንቱን የሚያንቀሳቅሰው ኤአይ፣ ኮዱን አያይም። በእጁ ያለው የቱሉ ስም፣ እርስዎ የጻፉት ማብራሪያና የፓራሜትሮቹ (ቱሉ የሚቀበላቸው ግብዓቶች) ዝርዝር ብቻ ነው። የጎደለውን እሱም ይሞላል፣ ግን በግምት። ስለዚህ ማብራሪያውን አስነብበው አስተያየት መሰብሰቡን ይተዉትና ኤጀንቱ በእሱ ተመርቶ የሚያደርገውን ይዩ።

ከባዶው መልስ ልጀምር፤ ጉዳቱ የሚብሰው እዚያ ነው። እኔ በሠራሁት አንድ ቱል ማብራሪያ ላይ «ፓኬጁ ካልተገኘ ባዶ ዝርዝር ይመልሳል» የሚል መስመር ነበር። እውነት ነው፣ ግን ግማሹ ብቻ። ሬጂስትሪው (ፓኬጆች የሚመዘገቡበት ማከማቻ) ሳይመልስ ጊዜው ሲያልፍም ኮዱ የሚመልሰው ያንኑ ባዶ ዝርዝር ነበር። አንድ ቀን ኤጀንቱ ፒሎው የተባለውን የምስል ፓኬጅ ፈለገ፤ ኔትወርኩ ተቋርጦ ስለነበር ባዶ መጣለት፤ «ይህ ፓኬጅ የለም» ብሎ ደመደመና ምስል የሚያሳንስ ኮድ ከዜሮ መጻፍ ጀመረ። ሎጉን (ኤጀንቱ ያደረገው የተመዘገበበትን ፋይል) መስመር በመስመር ሳነብ ጥፋቱ የሞዴሉ እንዳልሆነ ገባኝ። የነገርኩትን ነው ያመነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ኮዱ «አልተገኘም» እና «ማረጋገጥ አልተቻለም» የሚሉ ሁለት የተለያዩ መልሶች ይስጥ። ከሬጂስትሪው የሚመጣ የ404 ምላሽ ማለት በዚህ ስም የተመዘገበ ፓኬጅ የለም ማለት ነው፤ 429 ደግሞ ጥያቄ አብዝተሃል፣ ቆይተህ ሞክር ማለት ነው። ሁለቱን መቀላቀል አይገባም። ከዚያ ማብራሪያው ከእያንዳንዱ መልስ በኋላ ምን እንደሚደረግ ይናገር፦ «አልተገኘም ካለ የሚመሳሰል ስም አትጫን፤ ለተጠቃሚው ንገርና ጠብቅ። ማረጋገጥ አልተቻለም ካለ አንድ ጊዜ ድገም፤ አሁንም ካልሆነ ፓኬጁ አለም የለምም አትበል።»

ይህን አጥብቄ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ላይ አንድ የደኅንነት ተመራማሪ ሞዴሎች ደጋግመው ከራሳቸው የሚፈጥሩትን «ሀጊንግፌስ ሲኤልአይ» የሚል ስም ወስዶ የፓይተን ፓኬጆች ሬጂስትሪ በሆነው በፓይፒአይ ላይ ባዶ ፓኬጅ አስመዘገበ። በ3 ወር ውስጥ ከ30,000 ጊዜ በላይ ወረደ። እሱ ባዶ ነበር፤ ክፉ ሰው ቢቀድመው ኖሮ ባዶ አይሆንም ነበር።

ሁለተኛው ቦታ ስም ነው። በፓይተን የሚጫነው ስምና በኮድ ውስጥ ኢምፖርት የሚደረገው (ፓኬጁ የሚጠራበት) ስም ብዙ ጊዜ አይገጥሙም፦ ፒሎው ተብሎ የተጫነው በኮድ ውስጥ ፒል ተብሎ ይጠራል፤ ቢውቲፉል ሱፕ 4 በኮድ ውስጥ ቢኤስ 4 ነው፤ ኦፕን ሲቪ ሲቪ 2 ይሆናል። የእርስዎ ቱል የትኛውን ስም ነው የሚቀበለው? መልሱ በመግቢያው አንቀጽ ውስጥ ተቀብሮ ከሆነ ያውጡትና ከራሱ ከፓራሜትሩ መግለጫ ላይ ያስቀምጡት፤ ምሳሌም ይጨምሩ። ፓይፒአይ ትልቅና ትንሽ ፊደልን፣ እንዲሁም ሰረዝን፣ የሥር ሰረዝንና ነጥብን አይለይም፤ ይህም በአንድ መስመር ይገለጽ። «የመጨረሻው ቨርዥን» የሚል ካለ ደግሞ ቅድመ ልቀቶችንና በባለቤታቸው የተሻሩ ቨርዥኖችን ይጨምር አይጨምር ይናገር።

ቱሉን ሳይጠራ የሚያልፈውን በተመለከተ፣ የእርስዎ ማብራሪያ ቱሉ ምን እንደሚሠራ እንጂ መቼ እንደሚጠራ የማይናገር ይመስለኛል። «ፓኬጅ ይፈልጋል» አይበቃም። «በመጫኛ ትእዛዝም ሆነ በሪኳየርመንትስ ፋይል (የሚያስፈልጉ ፓኬጆች ዝርዝር) ውስጥ ማንኛውንም የፓኬጅ ስም ከመጻፍህ በፊት ጥራ፤ ስሙን የምታውቀው ቢመስልህም» ይበሉት። ከፓይተን ጋር አብረው ለሚመጡት፣ ለምሳሌ ለጄሰን ሞጁል፣ መጥራት እንደማያስፈልግም ይጨምሩ። ይህ ሁሉ ተጽፎ አሁንም የሚዘል ከሆነ ነገሩ ከማብራሪያ አቅም በላይ ነው፤ ያልተረጋገጠ ስም እንዳይጫን በኮድ ያግዱት።

አሁን ልኬቱ። ወደ 30 የሚሆኑ ጥያቄዎች ያዘጋጁ፤ ግማሾቹን ኤጀንቱ ከተሳሳተባቸው እውነተኛ ሎጎች ይውሰዱ። ቱሉ መጠራት የሌለበት ጥያቄም፣ ጨርሶ የሌለ ፓኬጅም ይኑርበት። ለእያንዳንዱ ትክክለኛው ድርጊት ምን እንደሆነ ከሙከራው በፊት ይጻፉ፤ በኋላ ከሆነ ለወጣው ውጤት ሰበብ መፈለግ ይመጣል። ከእውነተኛው ሬጂስትሪ ጋር አያገናኙት፤ የተቀዱ መልሶች ይስጡት፣ 429ንም በፈለጉ ጊዜ ማምጣት እንዲችሉ። ሞዴሉ ለአንድ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስለማይመልስ እያንዳንዱን 5 ጊዜ ያስኪዱ። የመጨረሻውን መልስ ብቻ አይመዝኑ፤ ጠርቷል ወይ፣ በምን ስም ጠራ፣ ከባዶው መልስ ቀጥሎ ምን አደረገ የሚለውን ከሎጉ ያንብቡ። ሳይጠራ በዕድል ትክክለኛ ስም ያመጣ ሙከራ በእኔ ዘንድ ወድቋል።

ሲያስተካክሉ በአንድ ጊዜ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይለውጡ፣ የትኛው እንደጠቀመ እንዲታወቅ። ከጥያቄዎቹ 10ሩን እስከ መጨረሻው አይንኩ፤ አለበለዚያ ማብራሪያው ለፈተናው ብቻ የተጻፈ ይሆናል። ውጤቱ ከተስተካከለ በኋላ ወደዚያ ሁለት ገጽ ይመለሱና ዓረፍተ ነገሮቹን አንድ በአንድ እያወጡ ያስኪዱ። ወጥቶ ምንም ያልለወጠ ዓረፍተ ነገር አይመለስ፤ ማብራሪያው ከእያንዳንዱ ጥያቄ ጋር ለሞዴሉ ስለሚላክ የማይሠራ መስመር ለሚሠራው የሚያስፈልገውን ቦታ ይሻማል።