ሚዛኑ ላይ ያለው ምግብ፦ ስለ ፌኒልኬቶኑሪያ ጥያቄና መልስ

በ1953 እ.ኤ.አ. ሐኪሙ ሆርስት ቢከልና ባልደረቦቹ ጆን ጄራርድና ኤቭሊን ሂክማንስ በእንግሊዝ በርሚንግሃም የሠሩትን ምርምር «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት አሳተሙ። ፌኒልኬቶኑሪያ የተባለው አብሮ የሚወለድ ሕመም በምግብ ሊገታ እንደሚችል ያሳየ ሥራ ነው። በሥነ ምግብ ሙያ ስለምሠራ፣ ስለዚህ ሕመም የቀረቡልኝን ጥያቄዎች እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ሕመሙ ምንድን ነው?

መልስ፦ ጉበት ፌኒልአላኒን የተባለውን የፕሮቲን ክፍል የሚለውጥበት ኢንዛይም ይጎድለዋል። ንጥረ ነገሩ በደም ውስጥ ይከማችና የሕፃኑን አእምሮ ይጎዳል። ኖርዌያዊው ሐኪም አስቢዮርን ፎሊንግ በ1934 ደርሶበት ነበር፤ መድኃኒቱ ግን አልታወቀም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ቢከል ምን አደረገ?

መልስ፦ ሁለት ዓመት ገደማ የሆናት ሕፃን ነበረች። አትቆምም፣ አትናገርም፣ እያለቀሰች ራሷን ታጋጫለች። እናቷ በየማለዳው ቤተ ሙከራው ደጃፍ ላይ ቆማ «ልጄን እርዱልኝ» ትል እንደነበር ቢከል ኋላ አስታውሷል። ፌኒልአላኒን የተወገደለት የፕሮቲን ምግብ ተዘጋጀላት። ከወራት በኋላ መዳህና መቆም ጀመረች፤ ዓይኗ ፈካ፣ ፀጉሯ ጠቆረ።

ጥያቄ፦ ለውጡ ከምግቡ መምጣቱ በምን ታወቀ?

መልስ፦ እናትየዋ ሳታውቅ ፌኒልአላኒን ወደ ምግቡ ተመለሰ። ሕፃኗ በሰዓታት ውስጥ ማልቀስ ጀመረች፣ በቀናት ውስጥም ያገኘችውን ሁሉ ማለት ይቻላል አጣች። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ይከብዳል። በኋላ በእናትየዋ ፈቃድ ሆስፒታል ውስጥ ተደግሟል፤ ቢሆንም የመጀመሪያው በድብቅ መሆኑ ትክክል አልነበረም እላለሁ። ለዚህች እናት ትልቅ ባለዕዳዎች ነን።

ጥያቄ፦ ፌኒልአላኒኑን ጨርሶ ብናጠፋው አይሻልም?

መልስ፦ አይሆንም፤ ወላጆች ከፍርሃት የተነሳ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ሰውነት ራሱ አይሠራውም፣ ያለ እርሱም አያድግም። ያቺው ሕፃን በመጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ሲከለከልላት ክብደቷ ቀነሰ፤ ስለዚህ በቀን ከ0.3 እስከ 0.5 ግራም ያህል በወተት መልክ ተጨመረላት። ዛሬም ሥራችን ይኸው ነው፦ በ1 ግራም ፕሮቲን ውስጥ 50 ሚሊግራም ያህል ፌኒልአላኒን አለ ብለን እናሰላለን፣ እናቶች ድንቹን በሚዛን ይመዝናሉ፣ የደም ምርመራውም መጠኑ ከፍ ወይም ዝቅ እንዲል ይነግረናል። ሥጋ፣ እንቁላልና ዓይብ ከምግቡ ይወጣሉ። የጡት ወተት ግን ፌኒልአላኒን ከተወገደለት ልዩ ወተት ጋር እየተመጠነ ሊቀጥል ይችላል።

ጥያቄ፦ ልጄ ሲወለድ ምንም ምልክት አልነበረውም። እንዴት ይታወቃል?

መልስ፦ ከተረከዝ በሚወሰድ ጠብታ ደም። አሜሪካዊው ሐኪም ሮበርት ጉትሪ ዘዴውን በ1963 አሳትሟል። ምልክቱ እስኪታይ መጠበቅ ማለት ጉዳቱ እስኪደርስ መጠበቅ ነው፤ የደረሰውን ደግሞ ምግብ ሁሉንም አይመልስም።

ጥያቄ፦ አስፓርቴም የተባለው ሰው ሠራሽ ማጣፈጫ ያለበት መጠጥስ?

መልስ፦ ፌኒልአላኒን አለበት፤ ይቅር።

ጥያቄ፦ ጋላክቶሴሚያ ለተባለው ሌላ አብሮ የሚወለድ ሕመምም ይኸው ምግብ ያገለግላል?

መልስ፦ የለም። እዚያ የሚከለከለው የወተት ስኳር ነው፤ በዚያ ሕመም የእናት ጡትም ይቆማል። ሁለቱም በምግብ የሚያዙ ቢሆኑም ምግቡን አትዋዋሱ።

ጥያቄ፦ ሕመሙ ያለብኝ ወጣት ሴት ነኝ። ምግቡን ከተውኩ ዓመታት አለፉ፤ ልጅ መውለድ እፈልጋለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ዛሬውኑ ወደ ሐኪምሽ ሂጂ። በደምሽ የበዛው ፌኒልአላኒን ወደ ፅንሱ ይሻገራል፤ ልጁ ሕመሙን ባይወርስ እንኳ አእምሮውና ልቡ ሊጎዱ ይችላሉ። ከመፀነስሽ በፊት መጠኑ ከ120 እስከ 360 ማይክሮሞል በሊትር መካከል ገብቶ መርጋት አለበት። ወደ ምግቡ መመለስ ይቻላል፣ ብዙ ሴቶችም ተመልሰው ጤናማ ልጅ ወልደዋል።