«ቻይናውያን ናቸው ተብሏል»

የውጭ ዜና መተርጎም ለጀመራችሁ ልጆቼ፣

ጥቅምት 2012 ዓ.ም. ነበር። እንግሊዝ ውስጥ፣ ኤሴክስ በሚባለው አካባቢ፣ አንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ተከፍቶ የ39 ሰዎች አስከሬን ተገኘ። በማግስቱ ፖሊስ «ቻይናውያን ናቸው ብለን እናምናለን» አለ። የውጭ ጋዜጦች ይህን ይዘው ሮጡ። እኔም ተረጎምኩት። ከሃያ ዓመት በላይ የውጭ ዜና ስሠራ ኖሬ፣ «39 ቻይናውያን ሞተው ተገኙ» ብዬ ርዕስ ሰጠሁት። ብዙም ሳይቆይ ቬትናም ውስጥ ያሉ ቤተሰቦች «ልጆቻችን ናቸው» እያሉ ብቅ አሉ። ከሳምንት በኋላ ፖሊስም ሟቾቹ ቬትናማውያን መሆናቸውን ተናገረ። በመሃል ያለፉትን ቀናት ሳስብ ዛሬም ያንገበግበኛል። እናቶች ልጆቻቸውን እየፈለጉ፣ የዓለም ጋዜጣ የሌላ አገር ሰው ሞት እያወራ ነበር።

ለምን ቶሎ አመንን? ከፊት ለፊታችን የቆየ ታሪክ ስለነበር ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 እንግሊዝ ውስጥ ዶቨር ወደብ ላይ 58 ቻይናውያን መኪና ውስጥ ታፍነው ሞተው ተገኝተዋል። በ2004 ደግሞ እዚያው አገር ሞርካም ቤይ በተባለ የባሕር ዳርቻ ዛጎል ሲለቅሙ የነበሩ ቢያንስ 21 ቻይናውያንን ማዕበል ወሰዳቸው። ሁለቱም እውነት ናቸው። ችግሩ፣ ከዚያ በኋላ «ተሸሽጎ የሞተ ሠራተኛ» ሲባል ቻይናዊ ብሎ መሙላት ልማድ ሆነ። ፖሊስ በእርግጥ ተሳስቷል። ግን «ተብሏል» የምትለዋን ቃል ከርዕሱ ላይ ያነሳኋት እኔ ነኝ።

ሌላም ስህተት አለ፣ እሱ ደግሞ የእኛው የአማርኛ ተርጓሚዎች ነው። ስለ ቻይና በሚጻፍ ዜና ውስጥ «ማይግራንት ወርከር» ሲል አብዛኛውን ጊዜ ድንበር የተሻገረ ሰው ማለቱ አይደለም። ከገጠር ወደ ራሱ አገር ከተማ ሥራ ፍለጋ የሄደ ሰው ነው። እንዲህ ያሉት ወደ 300 ሚሊዮን ይጠጋሉ። እኛ ግን «ስደተኛ ሠራተኞች» ብለን እንጽፋለን፣ አንባቢውም ስደት ይመስለዋል። ቻይናውያን «ኖንግሚንጎንግ» ይሏቸዋል፣ ገበሬ ሠራተኛ እንደማለት። እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ ሁኩ የሚባል የቤተሰብ ምዝገባ ሕግ አላቸው። ገጠር የተመዘገበ ሰው ሼንዘን ከተማ ሃያ ዓመት ቢሠራም ልጁን እዚያ የመንግሥት ትምህርት ቤት ማስገባት መከራ ይሆንበታል። ስለዚህ ልጁ አያቶቹ ጋ ይቀራል። ይህን ለእኛ አንባቢ ማስረዳት አይከብድም። የቀበሌ መታወቂያን ጣጣ የማያውቅ ማን አለ? ሳታስረዱ ከተረጎማችሁት ግን ሰውየው ልጁን ጥሎ የጠፋ ጨካኝ አባት ይመስላል።

እ.ኤ.አ. በ2010 ቻይና ውስጥ አይፎን በሚገጣጥመው የፎክስኮን ኩባንያ ፋብሪካዎች ከአሥር በላይ ወጣት ሠራተኞች ሕይወታቸውን አጠፉ። ኩባንያው በሕንፃዎቹ ዙሪያ መረብ ዘረጋ። የውጭ ጋዜጦች በሰፊው ዘገቡት፣ መዘገባቸውም ትክክል ነበር። ግን ደጋግማችሁ ስታነቡት ወሬው ሁሉ አንባቢው እጅ ላይ ስላለው አይፎን ነው። የአውሮፓና የአሜሪካ ጋዜጣ የሚያናግረው የራሱን አንባቢ ሕሊና ነው። ሠራተኛው ለዚያ ማሳያ ሆኖ ይቀርባል። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ፎሻን ከተማ የሚገኝ የሆንዳ መለዋወጫ ፋብሪካ ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። ሆንዳ ቻይና ውስጥ መኪና መገጣጠም እስኪያቅተው ድረስ ጸኑና ደሞዝ አስጨመሩ። ይህም ተዘግቧል። ሰው ልብ ውስጥ የቀረው ግን መረቡ ነው። እኔ ሁለቱን ጎን ለጎን ብታወጡ እወዳለሁ።

እኛም ንጹሕ አይደለንም። የአዲስ አበባ ቀለበት መንገድ ሲሠራ «እነዚህ ቻይናዎች እኮ እስረኞች ናቸው» ሲባል በየሻይ ቤቱ ሰምቻለሁ። ያው ወሬ ሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ውስጥ ተወራ፣ የውጭ ጋዜጦች አምድ ላይም ወጣ። እንደ ዲቦራ ብራውቲጋም ያሉ ተመራማሪዎች ቢከታተሉት ማስረጃ አላገኙለትም። ሰዎቹ አንድ ዓይነት ልብስ ይለብሳሉ፣ ካምፕ ውስጥ አብረው ያድራሉ፣ ሌሊትም ይሠራሉ። እስረኛ ያሰኛቸው ይኸው ነው። ጠጋ ብሎ «ደሞዝህን ለማን ነው የምትልከው?» ያላቸው ጥቂት ሰው ነው። እኅቶቻችን በውጭ ጋዜጣ ላይ «ኢትዮጵያዊት የቤት ሠራተኛ» ተብለው ብቻ ሲወጡ የሚሰማንን ታውቁታላችሁ። ስም የላትም። የምታስተምረው ታናሽ ወንድም የላትም።

ስለዚህ ዜናው እጃችሁ ሲገባ፣ ሠራተኛው ራሱ የተናገረውን ዓረፍተ ነገር አስምሩበት። አንድም ከሌለ ሌላ ዘገባ ፈልጉ፣ የቻይናን ጋዜጦችም ጭምር። እ.ኤ.አ. በ2003 ጓንግዡ ውስጥ መታወቂያ አልያዝክም ተብሎ የታሰረ ወጣት ተደብድቦ ሲሞት፣ ጉዳዩን ያወጣው እዚያው ከተማ የሚታተም ጋዜጣ ነው። በጥቂት ወራት ውስጥ ያ የማሰሪያ ደንብ ተሻረ።

ፎቶም ስትመርጡ እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ2008 መጀመሪያ፣ ለበዓል ወደየቤታቸው የሚሄዱ ሠራተኞች በበረዶ ምክንያት ባቡር ቆሞባቸው ጓንግዡ ጣቢያ ላይ ተከማችተው ነበር። እኔ ያወጣሁት ከላይ የተነሳውን ፎቶ ነው። ጭንቅላትና ጃንጥላ ብቻ ይታያል። በዚያው ቀን ከመሬት የተነሳ ሌላ ፎቶም ደርሶኝ ነበር። አንድ ሰው መስመር ያለው ትልቅ የላስቲክ ሻንጣ ተሸክሟል፣ በሻንጣው አፍ የልጅ መጫወቻ ብቅ ብሏል። አትሜ አስቀርቼዋለሁ። ቢሮ ብቅ ስትሉ አሳያችኋለሁ።