ለጀማሪ ባቲላሜራዎች፦ መጀመሪያ ካርቶኑን

ልጆቼ፣ ላሜራ ስቀጠቅጥ ዘመኔን ፈጀሁ። ጆሮዬ እንደ ድሮው አይሰማም፤ በጊዜው «መሸፈኛ አድርግ» ሲሉኝ ስቄ ነበር። እናንተ አትሳቁ። ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ግን ስለ ጆሮ አይደለም፤ ስለ አንድ ፓራፋንጎ፣ ማለትም ጎማውን ከላይ ስለሚሸፍነው የመኪና ላሜራ ነው።

ገና ጀማሪ ሳለሁ አንዲት የድሮ ስፖርት መኪና ገባችልን። ባለ ሁለት ወንበር፣ ዝቅ ያለች፣ ዓይን የምትይዝ። የግራ የፊት ፓራፋንጎዋን ከታች ዝገት በልቶታል። ቀኙ ደህና ነበር። እኔም ብልጥ ሆንኩና የቀኙን ልክ በካርቶን ወስጄ፣ ካርቶኑን ገልብጬ ግራውን ሠራሁ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ሥራው ያምራል። ስገጥመው ግን ፊቱ ልክ መጣ፣ በበሩ በኩል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ቀረ። «ይቺ መኪና ተጋጭታለች!» አልኩ። አለቃዬ ምንም አላሉኝም። ሜትሩን ሰጡኝና ከመሀል ወደ ሁለቱም ጎን እንድለካ በእጃቸው አሳዩኝ። ግራና ቀኟ እኩል አልነበረም። ከተሠራችበት ቀን ጀምሮም እንደዚያው ነበረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በፈረንጆቹ 1950ዎቹና 60ዎቹ በጥቂት ቁጥር ከተሠሩት ስፖርት መኪኖች የብዙዎቹ አካል በትልቅ ፕሬስ ተመትቶ የወጣ አይደለም። ሰው በእጁ እየቀጠቀጠ፣ በእንጨት ቅርጽ ላይ እያስተያየ፣ እዚያው መኪናው ላይ እየገጠመ ነው የጨረሰው። ስለዚህ ከአንዷ የፈታችሁት ኮፋኖ (የሞተር ክዳን) ለእህቷ ላይሆን ይችላል። ከመጽሐፍ ያገኛችሁት ልክም ሆነ የሌላው ጎን ግልባጭ ግምት ነው። ልኩን ፊታችሁ ከቆመችው መኪና ውሰዱ።

አዲስ ልጅ ሲገባ መዶሻ አያያዙን አላይም። ካርቶን ላይ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ነው የማየው። ቀጭን ካርቶን ወስዳችሁ በማግኔት ቦታው ላይ ያዙት። በመዳፋችሁ እየዳበሳችሁ አስተኙት። ካርቶን አይለጠጥም፣ አይሰበሰብምም። ሳይጨማደድ ጥንቅቅ ብሎ ከተኛ ያ ክፍል በማጠፍ ብቻ ይሠራል፤ መዶሻ አያስፈልገውም። ጠርዙ ላይ ከተጨማደደ ላሜራው እዚያ ጋ መሰብሰብ አለበት። እንዲተኛላችሁ በመቀስ ስትሰነጥቁት አፉን ከከፈተ ደግሞ እዚያ ጋ መለጠጥ አለበት። ሁለቱንም ቦታ በእርሳስ ለዩት፣ «ሰብስብ»፣ «ለጥጥ» ብላችሁ ጻፉበት። ከዚያ በኋላ ነው መዶሻና የአሸዋ ከረጢት። የት እንደሚመቱ ሳያውቁ መምታት ትርፉ ማደንደን ነው፤ ላሜራ በተመታ ቁጥር ይጠነክራል፣ ሲበዛበት ይሰነጠቃል።

አንድ ነገር ላይ ግን ካርቶንም ያታልላል። ሲታጠፍ ስል ሆኖ ይታጠፋል፤ ላሜራ ግን ትንሽ ክብ ይዞ ነው የሚዞረው። ከዚያው ላሜራ ቁራጭ ላይ አጥፉና መታጠፊያው ከላሜራው ምን ያህል እንደሚወስድባችሁ ለኩ። ሁለት መታጠፊያ የሚገናኝበት ማዕዘን ላይ ደግሞ ከማጠፋችሁ በፊት ትንሽ ቀዳዳ ብሱ፤ አለዚያ ከዚያ ይቀደዳል።

ውፍረቱን በአጭሩ ልለፈው። ለብረት አካል አብዛኛውን ጊዜ ከ0.8 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ይበቃል። «ጠንካራ ይሁን» ብሎ 1.5 የሚለጥፍ አለ። ከጎኑ ካለው ቀጭን ላሜራ ጋር ሲበየድ አንዱ ተበስቶ ሌላው ገና አልሞቀም። ዚንክ የተቀባ ላሜራ ከሆነ የምትበይዱበትን ቦታ ዚንኩን ፍቃችሁ አንሱ፤ ጭሱ ማታ ብርድ ብርድ እያለ በትኩሳት ያስተኛል።

አልሙኒየም ሌላ ጠባይ ነው። በፈረንጆቹ 1954 የወጣችውን፣ በሮቿ ወደ ላይ የሚከፈቱትን መርሴዲስ 300 ኤስ ኤል ውሰዱ። አካሏ በአብዛኛው ብረት ሆኖ ኮፋኖዋ፣ በሮቿና የኋላ ክዳኗ አልሙኒየም ናቸው። ማግኔት ብረቱን ይይዛል፣ አልሙኒየሙን አይዝም፤ ከኪሳችሁ አይጥፋ የምለው ለዚህ ነው። አልሙኒየም ሲደነድን በእሳት ይለሰልሳል። ችግሩ እንደ ብረት ቀልቶ አያስጠነቅቅም፤ 660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ዝም ብሎ ይፈስሳል። የሙሉ ቀን ሥራዬ ጠረጴዛ ላይ ሲንጠባጠብ ቆሜ አይቻለሁ። ዘዴው ደረቅ ሳሙና ነው። ሳሙናውን ፊቱ ላይ አሹት፣ እሳቱን ከጀርባው እያንቀሳቀሳችሁ አሙቁ፣ ሳሙናው ሲጠቁር ወዲያው አንሱ። ሲቀዘቅዝ በእጃችሁ የምታጥፉት ሆኖ ታገኙታላችሁ። ከብረት ጋር ስትገጥሙት ደግሞ በቀጥታ አይነካኩ፤ እርጥበት ከገባ አልሙኒየሙ ይበላል።

ብየዳውን ብዙ ሰው ስለሚያስተምራችሁ አላንዛዛም። ነጥብ ነጥብ እያደረጋችሁ፣ ከጫፍ ጫፍ እየዘለላችሁ፣ እስኪቀዘቅዝ እየታገሣችሁ። ሽቦውን ራሱ እየመገበ በኤሌክትሪክ የሚበይደው ሚግ ይፈጥናል፤ ስፌቱ ግን ስለሚደነድን መዶሻ እምቢ ይላል። እኔ ለሚታይ ቦታ ቲግ (ሽቦውን በእጅ እየጨመሩ በኤሌክትሪክ የሚበይዱበት) ወይም የጋዝ ብየዳ እመርጣለሁ።

ጉድለት የሚሞላው ልጥፍ፣ ስቱኮም ጠላቴ አይደለም፣ ስስ ከሆነ። አንድ ጊዜ የሌላ ሰው ሥራ ስፍቅ እንደ ጣቴ የወፈረ ስቱኮ ተገምሶ እግሬ ላይ ወደቀ። ከሥሩ ዝገቱ እንዳለ ነው። ባለቤቱ መኪናውን «ታድሷል» ተብሎ ነበር የገዛው። ፊቱን ባያችሁት።

አሁን ደግሞ መኪናን ስካን የሚያደርግ መሣሪያ፣ በሌዘር የሚቆርጥ ማሽን መጥቷል። ተማሩት፤ ዕድሜዬ ቢፈቅድ እኔም ብማረው ደስ ይለኛል። ብቻ ስካኑም የተጎዳውን እንደተጎዳ ነው የሚያነበው። የትኛው ጉዳት፣ የትኛው የሠሪው እጅ እንደሆነ የምትለዩት እናንተ ናችሁ።

ሥራው ሲያልቅ ካርቶኑን አትጣሉት። የየትኛው መኪና እንደሆነ፣ ግራ ይሁን ቀኝ፣ የትኛው ፊቱ ወደ ውጭ እንደሚያይ፣ ቀኑንም ጻፉበት። የመጀመሪያው ካርቶኔ እስካሁን ግድግዳ ላይ አለ። «ቀኝ» የሚለው ተሰርዞ «ግራ» ተብሎበታል። ከሥሩ አለቃዬ በቀይ እርሳስ «ለካ!» ብለው ጽፈውበታል። ትእዛዝ ይሁን መገረም፣ ጠይቄያቸው አላውቅም።