ስለ ቢ ቡድኖች የጥሎ ማለፍ ዋንጫ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሰላም ቤተሰብ። ዋናውን ቡድን ሁሉም ሰው ያውቀዋል። እኔ ግን ለዓመታት በፍቅር የምከታተለው ሁለተኛውን ቡድን ነው፤ ቢ ቡድን በሉት፣ ተስፋ ቡድን በሉት። እነዚህ ልጆች የሚጫወቱባቸው የጥሎ ማለፍ ዋንጫዎች ላይ ያላችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ ጥያቄው ጎረፈ። በየተራ እመልሳለሁ። የውጭ አገር ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ ወንድሜ፣ ቢ ቡድኖች የራሳቸው ሊግ አላቸው አይደል? ዋንጫው ደግሞ ለምን አስፈለገ?

ሊግ ላይ ብትሸነፍ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ጨዋታ አለህ። የቢ ቡድን ሊግ ላይ ደግሞ ይብሳል። አሰልጣኙ የሚመዘነው ስንት ልጅ ወደ ዋናው ቡድን አሳደገ ተብሎ ነው፣ ስለዚህ ውጤቱ ብዙም አያስጨንቀውም። ልጁ ኳስ ይዞ ያምራል፣ ይቀባበላል፣ 3 ለ 1 ይሸነፋል፣ ሻወሩን ወስዶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ጥሎ ማለፍ ላይ ግን 1 ለ 0 እየመራህ 88ኛው ደቂቃ ላይ ምን ታደርጋለህ? ኳሷን ጥግ ወስደህ ትይዛታለህ ወይስ አጉል አብዶ ልሥራ ብለህ ታስነጥቃለህ? ይሄ ልምምድ ላይ አይመጣም። መሸነፍ ዋጋ የሚያስከፍልበት ጨዋታ ላይ ብቻ ነው የሚታየው።

እንግሊዞችም ከ21 ዓመት በታች ሊጋቸውን በ2023–24 ሲቀይሩት ጥሎ ማለፍ ጨመሩበት። 26ቱ ቡድኖች በአንድ ሰንጠረዥ ገቡ፣ እያንዳንዱ 20 ጨዋታ ያደርጋል፣ ከዚያ የመጀመሪያዎቹ 16 ተሸናፊው ወደ ቤቱ የሚሄድበት ዙር ውስጥ ይገባሉ። ሻምፒዮኑ የሚለየው እዚያ ነው። ለእኔ ትክክለኛ እርምጃ ነው።

ጥያቄ (ከለገሃር)፦ እንግሊዝ ውስጥ ያሉት የታዳጊና የቢ ቡድን ዋንጫዎች ይምታቱብኛል። ለይልኝ።

አንዱ የኤፍኤ፣ ማለትም የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር፣ የወጣቶች ዋንጫ ነው። ከ18 ዓመት በታች ነው፣ የተጀመረው በ1952–53 ነው። የመጀመሪያዎቹን አምስት ዋንጫዎች ተከታትሎ የወሰደው ማንቸስተር ዩናይትድ ነው፤ ዱንካን ኤድዋርድስና ቦቢ ቻርልተን በዚያ በኩል ያለፉ ናቸው። በ1992 ያሸነፈውን የእነ ቤካም፣ የእነ ጊግስና የእነ ጋሪ ኔቭልን ቡድን ታውቀዋለህ።

ሁለተኛው የፕሪምየር ሊግ ካፕ ይባላል፣ በ2013–14 ተጀመረ። በምድብ ይጀምርና ወደ ጥሎ ማለፍ ያልፋል። እንደ ቢ ቡድን ዋንጫ የምትቆጥረው ይሄን ነው።

ሦስተኛው የኢኤፍኤል ትሮፊ ነው። የሊግ ዋንና የሊግ ቱ፣ ማለትም የእንግሊዝ ሦስተኛና አራተኛ ዲቪዚዮን፣ ክለቦች ዋንጫ ነው፣ የትልልቆቹ ክለቦች ልጆች እንግዳ ሆነው የሚገቡበት። የሚያጨቃጭቀውም እሱ ነው።

ጥያቄ (ከካዛንቺስ)፦ እኮ ለምን ያጨቃጭቃል? ደጋፊ አድማ መታ ሲባል ሰምቻለሁ።

አዎ፣ እውነት ነው። በ2016–17 ለ48ቱ የሊግ ዋንና የሊግ ቱ ክለቦች 16 የትልልቅ ክለቦች የአካዳሚ (የታዳጊ ማሠልጠኛ) ቡድኖች ተጨመሩባቸው፣ ድምሩ 64 ሆነ። የትንንሾቹ ክለቦች ደጋፊዎች ተቆጡ። ስታዲየም አንገባም ብለው ቀሩ፣ ባዶ ወንበር ፊት የተደረጉ ጨዋታዎች ነበሩ። ፍርሃታቸው ግልጽ ነው፦ ዛሬ ዋንጫችን ውስጥ አስገባችኋቸው፣ ነገ ሊጋችን ውስጥ ታስገቧቸዋላችሁ ነው የሚሉት። እኔ በዚህ ከደጋፊዎቹ ጋር ነኝ። አንድ ከተማ ለመቶ ዓመት የደገፈው ክለብ የሌላ ክለብ ልጆች መለማመጃ መሆን የለበትም።

ግን ሌላውንም ወገን እይ። የ19 ዓመት አጥቂ በእድሜ እኩዮቹ ላይ 4 ግብ ሲያገባ ምንም አያሳየኝም። የቤት ኪራዩን ከእግር ኳስ የሚከፍል የ32 ዓመት ተከላካይ በክርን ሲገፋው፣ ማሊያውን ሲይዘው፣ ጆሮው ሥር ሲናገረው ምን እንደሚያደርግ ነው ማየት የምፈልገው። የቼልሲ ልጆች ቡድን በ2017–18 በዚህ ዋንጫ ግማሽ ፍፃሜ ደርሶ ነበር፣ ከሊንከን ሲቲ ጋር 1 ለ 1 ወጥቶ በመለያ ምት ተሸነፈ። ሊንከን ከዚያ ዌምብሌይ ላይ ዋንጫውን አነሳ። እስከ 2025 ድረስ ደግሞ አንድም የአካዳሚ ቡድን ይህን ዋንጫ አልወሰደም። በወርቅ የተገዙ፣ በምርጥ ሜዳ ያደጉ ልጆች ናቸው፣ ግን ትልልቅ ሰዎች ፊት ሲቆሙ ነገሩ ይከብዳቸዋል። ትምህርቱ ያለው እዚህ ነው።

አንድ ደንቡን ደግሞ በጣም እወደዋለሁ። ምድብ ላይ አቻ ከወጣችሁ ሁለታችሁም አንድ አንድ ነጥብ ትይዛላችሁ፣ ከዚያ ወዲያው መለያ ምት ትመታላችሁ፣ ያሸነፈ አንድ ነጥብ ይጨመርለታል። ልጆቹ በምድብ ጨዋታም የመለያ ምት ጭንቀት ይለምዳሉ።

ጥያቄ (ከአራት ኪሎ)፦ ቢ ቡድን በዋንጫ ከራሱ ዋና ቡድን ጋር ቢገናኝስ?

ተገናኝተዋል! የምወደው ታሪክ ስለሆነ ትንሽ ልርዘም።

በ1979–80 የሪያል ማድሪድ ቢ ቡድን ካስቲያ በስፔን ሁለተኛ ዲቪዚዮን ይጫወት ነበር፣ ያኔ በኮፓ ዴል ሬይ፣ በስፔን የንጉሥ ዋንጫ፣ መሳተፍም ይፈቀድለት ነበር። እነዚህ ልጆች ተነስተው ኤርኩሌስን፣ አትሌቲክ ቢልባኦን፣ ሪያል ሶሲዬዳድን፣ ስፖርቲንግ ሂኾንን አንድ በአንድ አስወጡ። አራቱም ያኔ የአንደኛ ዲቪዚዮን ክለቦች ነበሩ። ፍፃሜው ላይ የጠበቃቸው ማን ሆነ? ሪያል ማድሪድ፣ ዋናው ቡድን፣ ያውም በርናቤው ላይ። 6 ለ 1 ተሸነፉ። ዋናው ቡድን ግን ሊጉንም ስለወሰደ በአውሮፓ የሻምፒዮኖች ዋንጫ ገባ፣ በአውሮፓ የዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ ያለውን ቦታ ደግሞ ካስቲያ ወሰደ። ቢ ቡድን አውሮፓ ላይ! በ1980 መስከረም የእንግሊዙን ዌስትሃም በሜዳቸው 3 ለ 1 አሸነፉ። የመልሱ ጨዋታ በደጋፊ ረብሻ ምክንያት በዝግ ስታዲየም ሆነ፣ እዚያ በተጨማሪ ሰዓት 5 ለ 1 ተረቱ። ከዚያ ቡድን ግብ ጠባቂው አጉስቲንና አማካዩ ሪካርዶ ጋዬጎ ወደ ዋናው ሪያል ማድሪድ አድገዋል።

ጀርመንም የራሷ አላት። በ1993 የኸርታ በርሊን አማተር ቡድን፣ ማለትም ሁለተኛው ቡድን፣ የጀርመን ዋንጫ ፍፃሜ ደርሶ ከባየር ሌቨርኩሰን ጋር ተጫወተ። በበርሊን ኦሊምፒክ ስታዲየም፣ ከተማቸው ላይ። ኡልፍ ኪርስተን ባስቆጠራት አንድ ግብ 1 ለ 0 ተሸነፉ። በዚያ ቀን ለልጆቹ የተሰለፈው ካርስተን ራሜሎ በኋላ የሌቨርኩሰንና የብሔራዊ ቡድን ተጫዋች ሆነ።

አሁን ይሄ አይደገምም። ስፔን ከ1990–91 ጀምራ፣ ጀርመን ከ2008–09 ጀምራ ቢ ቡድኖችን ከብሔራዊ ዋንጫቸው አግደዋል። አንድ ክለብ በአንድ ውድድር ሁለት ቡድን ይዞ ቢገባ መጠቃቀሙ አይቀርም፣ ባይጠቃቀሙም ሰው ማማቱ አይቀርም። ስለዚህ እገዳው ትክክል ነው እላለሁ፣ ካስቲያን የመሰለ ታሪክ ማጣታችን ቢያሳዝነኝም። ለዚህም ነው የራሳቸው ዋንጫ የሚያስፈልጋቸው።

ጥያቄ (ከቸርችል ጎዳና)፦ ቢ ቡድን የትልልቅ ሰዎችን ዋንጫ ወስዶ ያውቃል?

አዎ። የጁቬንቱስ ከ23 ዓመት በታች ቡድን በ2020 የሴሪ ሲ ኮፓ ኢታሊያን፣ ማለትም የጣሊያን ሦስተኛ ዲቪዚዮን ክለቦችን ዋንጫ፣ ቴርናናን 2 ለ 1 አሸንፎ ወስዷል። ቡድኑ በጣሊያን ሦስተኛ ዲቪዚዮን መጫወት የጀመረው በ2018 ነበር፣ ሁለት ዓመት ነው የፈጀበት።

ጥያቄ (ከስታዲየም)፦ ቤቲንግ ላይ የሪዘርቭ ጨዋታዎች ኦዳቸው ያጓጓል። ልቁረጥ?

አትቁረጥ። ማን እንደሚሰለፍ አታውቅም። ከጉዳት የሚመለስ የዋናው ቡድን ኮከብ 45 ደቂቃ እንዲሮጥ ተብሎ ሊሰለፍ ይችላል፣ ወይም ምርጦቹ ሦስት ልጆች በዋዜማው ለዋናው ቡድን ተጠርተው ይሄዳሉ። አሰልጣኙ ዕረፍት ላይ ተጫዋቾቹን ይቀያይራል። አንተ የምታየው የክለቡን ስም ብቻ ነው፣ ሜዳ ላይ ያለው ቡድን ሌላ ነው። ገንዘብህን ያዝ።

ጥያቄ (የተስፋ ቡድን ተጫዋች፣ 19 ዓመት)፦ ጋሼ፣ ልምምድ ላይ ጥሩ ነኝ፣ ዋናው ቡድን ግን አይጠራኝም። እንደዚህ ዓይነት ዋንጫ ቢኖር ምን ባሳይ ነው የሚያዩኝ?

ወንድሜ፣ መልማይም አሰልጣኝም ጎል ብቻ አያይም። ኳስ ከተነጠቅክ በኋላ ያሉትን አምስት ሰከንዶች ነው የሚያየው። ትቆማለህ? እጅህን ታወዛውዛለህ? ወይስ ዞረህ ትሮጣለህ? ሁለተኛ፣ ስትመሩ የሚረጋጋ፣ ስትመሩ አላስፈላጊ ቢጫ የማያይ ልጅ ቶሎ ዓይን ውስጥ ይገባል። ሦስተኛ፣ መለያ ምት ሲመጣ አንገትህን አትድፋ፤ እኔ እመታለሁ በል። ብትስትም ግድ የለም። ለመምታት የወጣውን ልጅ ሁሉም ሰው ያስታውሰዋል። ደግሞ ቀለል ያለ ነገር፦ ተቀይረህ ስትወጣ ጠርሙስ አትወርውር። በርታልኝ።

ጥያቄ (እናት፣ ከስድስት ኪሎ)፦ ልጄ ጃንሜዳ ይለማመዳል። ዕድሜው ይቀነስ፣ ያለዚያ ዕድል አያገኝም እያሉኝ ነው። እውነት ነው እንዴ?

እናቴ፣ እሺ እንዳይሉ። ፊፋ ከ2009 ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች ውድድር ላይ የአጥንታቸውን ዕድሜ ለማየት የእጅ አንጓቸውን በኤምአርአይ እያስነሳ ነው የሚያጣራው፣ ልጅዎ ያኔ ቢወድቅ የሚጎዳው እሱ ነው። ከዚያም በላይ በሁለት ዓመት ከሚያንሱት ጋር እየተጫወተ ያደገ ልጅ ጉልበቱን ብቻ ይለምዳል፤ እኩዮቹ ሲደርሱበት የሚይዘው ነገር የለውም።

የቢ ቡድን ዋንጫን የምወድበት አንዱ ምክንያትም ይሄ ነው። የዕድሜ ገደብ የግድ አያስፈልገውም። በዋናው ቡድን በዓመቱ ከዚህ ደቂቃ በላይ የተጫወተ አይሰለፍም ብሎ መወሰን ይቻላል። ደቂቃ ደግሞ በዳኛው ሪፖርት ላይ የተጻፈ ነው፣ ማንም አይቀንሰውም። የ17 ዓመቱም የ22 ዓመቱም ቦታ ያጣ ልጅ ዕድል ያገኛል፣ ልደት ሰርተፊኬት ላይ ጭቅጭቅ አይነሳም። ልጅዎን በእውነተኛ ዕድሜው ያስመዝግቡት።

ጥያቄ (ከአምባሳደር)፦ የት ነው የማየው? ካፌ ውስጥ አይከፍቱልኝም።

ብዙዎቹን ጨዋታዎች ክለቦቹ ራሳቸው በድረ ገጻቸው ወይም በዩቲዩብ ያስተላልፋሉ። እንግሊዝ ውስጥ ምሽት ላይ የሚጀምሩት በእኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት አካባቢ ናቸው፣ የእነሱ ሰዓት በበጋቸው ሲቀየር ወደ 3 ሰዓት ይመጣሉ። የቻምፒየንስ ሊግ ምሽት ከሆነ ካፌው ላይ ተስፋ ቁረጥ፣ በስልክህ እይ።

ጥያቄ (ከሜክሲኮ)፦ የውጭውን ተወው። አዲስ አበባ ላይ የተስፋ ቡድኖች ጥሎ ማለፍ ቢዘጋጅ እንዴት ታደርገዋለህ?

ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር።

ጥሎ ማለፍ ርካሽ ነው። 8 ቡድን ካለህ 7 ጨዋታ ብቻ ነው፣ 16 ከሆነ 15። በየዙሩ አንድ ሳምንት ብትሰጥ 8 ቡድን በሦስት ሳምንት ያልቃል። ክለቦቹ እዚሁ ከተማ ውስጥ ስለሆኑ ሆቴል የለም፣ የአውሮፕላን ትኬት የለም፣ የአበል ጭቅጭቅ የለም።

ችግሩ የሚታወቅ ነው፦ በመጀመሪያው ዙር የወደቀ ቡድን አንድ ጨዋታ አድርጎ ተሰናበተ። ልጆቹ ለዚያ አልለፉም። መፍትሔው በመጀመሪያው ዙር ለወደቁት አራቱ ሌላ ትንሽ ጥሎ ማለፍ ማዘጋጀት ነው። ሦስት ጨዋታ ይጨመራል፣ ጠቅላላው 10 ይሆናል፣ ማንም ቡድን ከሁለት ጨዋታ በታች አይጫወትም።

ተጨማሪ 30 ደቂቃ አላስገባም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ ነው ያለችው፣ ፀሐዩም አለ። የደከመ ልጅ ደግሞ ይጎዳል። 90 ደቂቃ አልቆ እኩል ከሆኑ በቀጥታ መለያ ምት። የአውሮፓ ወጣቶች ሊግ፣ የዩኤፋው፣ እንደዚሁ ነው የሚያደርገው፣ ጭማሪ ሰዓት የለውም።

ወቅቱን በተመለከተ፣ ክረምት ላይ አይሆንም፣ ሜዳው ጭቃ ነው። ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ሊጉ ዕረፍት ላይ ሲሆን ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም የዋናው ቡድን አሰልጣኝ ሥራ ስለሚቀልለት መጥቶ ሊያይ ይችላል። ይሄን ግዴታ አደርገዋለሁ። የዋናው ቡድን አሰልጣኝ ወይም ምክትሉ የራሱን ክለብ ልጆች ጨዋታ በአካል መጥቶ ካላየ ክለቡ አይመዘገብም።

ሽልማቱን በብር አላደርገውም። የሚያሸንፈው ክለብ ከተስፋ ቡድኑ ሁለት ልጆችን በዋናው ቡድን ዝርዝር ለማስመዝገብ አስቀድሞ ይፈርማል። ፍፃሜውን ደግሞ ከዋና ቡድኖች ጨዋታ በፊት፣ በዚያው ሜዳ፣ ሰው መግባት በጀመረበት ሰዓት አደርገዋለሁ። ለሁለተኛው ጨዋታ ትኬት የቆረጠው ደጋፊ የመጀመሪያውንም ያያል፣ ልጆቹም ሕዝብ ሲጮህ መጫወት ምን እንደሚመስል ገና በተስፋ ቡድን እያሉ ያውቁታል።