ቁጥሩ ቀንሷል፤ የእናቴ ዓይን እየተመለሰ ነው?

ጥያቄ፦ የእናቴ ቀኝ ዓይን ወደ ውጭ ወጣ እያለ በመምጣቱ ፒያሳ አካባቢ ወዳለ የዓይን ክሊኒክ ወሰድኳቸው። ሐኪሙ መስታወት ያለው ማስመሪያ መሰል መሣሪያ ፊታቸው ላይ አሳርፎ ለቀኙ 22፣ ለግራው 19፣ ከሥር ደግሞ 100 ብሎ ጻፈ። ከወራት በኋላ ሌላ ሐኪም ሲለካቸው ቀኙ 21፣ ግራው 19፣ የሥሩ ቁጥር 103 ሆነ። እናቴም «ተመስገን፣ ሊመለስ ነው» ብለው ሕክምናውን ትተው በጠበሉ ብቻ ሊቀጥሉ አስበዋል። በእርግጥ ቀንሷል?
አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር አዘዞ

መልስ፦ በሁለቱ ወረቀቶች ብቻ ቀንሷል ለማለት አይቻልም። መሣሪያው፣ እንደ ገለጻዎ ከሆነ፣ ጀርመናዊው ሐኪም ኸርቴል በ1905 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ዓይነት ነው። ሁለቱ እግሮቹ ከዓይን ቆብ የውጭ ጥግ አጠገብ በጣት ሲዳሰስ በሚገኘው ጠንካራ የአጥንት ጠርዝ ላይ ያርፋሉ፤ ሐኪሙም የዓይኑን ፊት ከጎን በመስታወቱ እያየ፣ ከዚያ ጠርዝ ስንት ሚሊ ሜትር ወደፊት እንደወጣ ያነባል። ከሥር የተጻፈው ቁጥር በሁለቱ እግሮች መካከል ያለው ርቀት ነው። እርሱ ከ100 ወደ 103 ከተለወጠ መሣሪያው ያረፈው ሌላ ቦታ ላይ ነውና ንባቦቹን ማወዳደር ያስቸግራል። ለካዩም ተለውጧል፤ የአንድ ሚሊ ሜትር ልዩነት በጭንቅላት መዘንበል ወይም በእግሮቹ አጫጫን ብቻ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ በሚቀጥለው ቀጠሮ የመጀመሪያውን ወረቀት ይዘው ይሂዱና መሣሪያው 100 ላይ ተደርጎ፣ ቢቻል በመጀመሪያው ሐኪም እጅ፣ እንዲለኩ ይጠይቁ። (በዓይናቸው ጎን ያለው ይህ አጥንት ተሰብሮ ወይም ቀዶ ሕክምና ተደርጎበት የሚያውቅ ከሆነ፣ ከዓይን በላይና በታች ባለው አጥንት ላይ የሚያርፍ ሌላ መሣሪያ አለ።)

ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው፦ በሁለቱም ጊዜ ቀኙ ከግራው በሁለት ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ይበልጣል፣ ይህም ምክንያቱ እንዲፈለግ ያስገድዳል። በአዋቂዎች ዘንድ ዋነኛው መንስኤ የታይሮይድ ዕጢ ሕመም ሲሆን፣ አንድ ዓይን ብቻ ሊያጠቃም ይችላል፤ ከዓይን ኳስ ጀርባ የሚበቅል እባጭ (ቱመር) መኖር አለመኖሩም መጣራት አለበት። መሣሪያው መጠኑን እንጂ መንስኤውን አይናገርም፤ ለዚያ የደም ምርመራና ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ ያስፈልጋል።

ጠበላቸውን ከሕክምናው ጎን ለጎን ይቀጥሉ። ሆኖም እይታቸው ከቀነሰ፣ ቀለም ከደበዘዘባቸው፣ የዓይን ቆባቸው አልገጥም ካለ፣ ወይም ሕመምና ትኩሳት ከተጨመረ፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ሆስፒታል ያድርሷቸው።